ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ሙቀትና የነጋዴው ድርሻ በላስታ ደጋ

በታኅሣሥ 29 ቀን የልደት በዓል በላሊበላ ሲከበር፣ ከየአገሩ የሚጎርፈው ተሳላሚ ለከተማው ነጋዴ የዓመቱን ታላቅ ገበያ ይዞለት እንደሚመጣ የታወቀ ነው። በዚያ ሰሞን ከመደርደሪያ ቶሎ ቶሎ የሚወርደው ዕቃ ጋቢና ብርድ ልብስ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ አጠገቡም ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ የቆመ በመሆኑ፣ ሌሊቱ ሁለት ጋቢ የደረበውን ጎልማሳ እንኳ ያንቀጠቅጣል። እንግዲህ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ደጋ፣ ወሩ ሳይደርስ የተወለደና አንድ ኪሎ ተኩል ብቻ የሚመዝን ሕፃን እንዴት ያድራል?

ይህ ጥያቄ በንግድ ጋዜጣ ላይ መነሣቱ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። «ይህስ የሐኪምና የአዋላጅ ጉዳይ ነው» የሚልም አይጠፋም። በበኩሌ ግን ጉዳዩ የነጋዴም ነው እላለሁ። ሙቀት የሚጠበቀው በጨርቅ፣ በሱፍ፣ በመሣሪያና በጊዜ ነው፤ ጨርቁን የሚሸጠው፣ መሣሪያውን ከውጭ የሚያስመጣው፣ የሠራተኛይቱንም የሥራ ቀን የሚቆጥረው ነጋዴው ነውና። ሐሳቤም ባጭሩ ይህ ነው፤ ለላስታ ሕፃን ከሁሉ አስቀድሞ የሚገኘውና የማይከዳው ማሞቂያ የእናቱ ደረት ነው። ስለዚህ የነጋዴው ተግባር በውድ መሣሪያ መሽቀዳደም ሳይሆን፣ እናቲቱ ልጇን በደረቷ ይዛ እንድትቆይ የሚያስፈልጓትን ጥቃቅን ዕቃዎችና ዕረፍት ማቅረብ ነው።

በመጀመሪያ ብርዱ ሕፃኑን ለምን እንደሚጎዳው ማወቅ ይገባል። ያለ ጊዜው የተወለደ የሚባለው በማኅፀን 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ነው። እንዲህ ያለው ሕፃን ቆዳው ስስ ነው፤ ከቆዳው ሥር ሊያሞቀው የሚገባው ስብም ገና አልተጠራቀመም። ከዚህም ሌላ ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጣል፤ በስኒ የተቀዳ ቡና በጀበናው ከቀረው ቀድሞ እንደሚቀዘቅዝ ማለት ነው። ሙቀቱ የሚያመልጥባቸው መንገዶችም አራት ናቸው። እርጥብ ሆኖ ሲቆይ እርጥበቱ በተነነ ቁጥር ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ በቀዝቃዛ መደብ ወይም በሚዛን ላይ ሲያስተኙት የነካው ነገር ሙቀቱን ይወስድበታል፤ በር ሲከፈት የሚገባው ነፋስ ይገፈዋል፤ ሳይነካው እንኳ በአጠገቡ ያለው ቀዝቃዛ የድንጋይ ግድግዳ ሙቀቱን ይስበዋል። የላስታን የድንጋይ ቤት የሚያውቅ ሰው አራቱም መንገዶች በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚገኙ አይስተውም።

የጤናማ ሕፃን ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ36 ሲወርድ አደጋው ከበድ ማለት ይጀምራል፤ ከ32 በታች ከወረደ እጅግ የከፋ ነው። የበረደው ሕፃን ራሱን ለማሞቅ በደሙ ውስጥ ያለውን ጥቂት ስኳር ይጨርሳል፤ ስኳሩ ሲያልቅ ይደክማል፤ ሲደክም ጡት መጥባት ያቅተዋል፤ ካልጠባ ደግሞ ይበልጥ ይበርደዋል። እንደ አራጣ ዕዳ ነው፤ ወለዱ ዋናውን እየበላ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው ቀን ያልተከፈለው በሦስተኛው ቀን ከአቅም በላይ ይሆናል።

የጉዳቱ መጠንም በቁጥር የተመዘገበ ነው። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። በዚያው ጥናት በጤና ድርጅት የወለዱት እናቶች 48 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት የወለዱት በአብዛኛው በቤታቸው ነው። በእርግጥ እነዚህን ሕፃናት ሁሉ የገደላቸው ብርድ ነው አይባልም። ያለ ጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ልክፍት ዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸው፤ ነገር ግን ብርድ ሦስቱንም ያከፋቸዋል።

ነጋዴ ለበጎ ሥራ በተነሣ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ወደ ልቡ የሚመጣው ለሆስፒታል የሚያብረቀርቅ መሣሪያ ገዝቶ መስጠት ነው። ይህ ቅን ሐሳብ በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም። ኢንኩቤተር የተባለው የማሞቂያ ሣጥንም ለሰው ልጅ ትልቅ ጥቅም የሰጠ ፈጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ስቴፋን ታርኒዬ የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም የጫጩት መፈልፈያ ሣጥን አይቶ፣ በዚያው ዓይነት ለሕፃናት የሚሆን ሣጥን በፓሪስ አሠርቶ ከተጠቀመበት ጊዜ ጀምሮ ብዙ ነፍስ አድኗል። ዛሬም እጅግ ትንሽ ሆኖ ለተወለደና ለታመመ ሕፃን በሠለጠነ ሐኪም እጅ አስፈላጊ ነው።

ዳሩ ግን መሣሪያ ከውጭ አስመጥቶ የሚያውቅ ነጋዴ አንድ እውነት አይሰወረውም። ሣጥኑ ብቻውን ዕቃ አይደለም፤ የማይቋረጥ መብራት፣ መለዋወጫ፣ የሚጠግን ባለሙያና ቀንና ሌሊት የሚጠብቅ ነርስ ሲኖሩት ነው ዕቃ የሚሆነው። ሙቀት የምትለካው ትንሽ ሽቦ ከተበላሸችና ወኪሉ በአገር ውስጥ ከሌለ፣ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሣጥን የወረቀት ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል። በላስታ ደግሞ ከዚህ የባሰ ታይቷል። ላሊበላ ከሐምሌ ወር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር፣ ከተማዋ ለብዙ ወራት ያለ መብራት ቆይታለች፤ በሰሜን ወሎም ብዙ የጤና ድርጅቶች ተዘርፈዋል፤ ተሰባብረዋልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገዱን ደጋግሞ ዘግቷል። በእነዚያ ወራት ሁሉ ሕፃናት ያለ ጊዜያቸው መወለዳቸው አልቀረም። መብራት በጠፋበት ሌሊት ሳይበርድ የሚያድር ማሞቂያ የትኛው ነው ቢባል፣ መልሱ የእናት ሰውነት ነው።

ይህም የጥንት ሰው አባባል ብቻ ሳይሆን በሚዛን የተፈተነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ኤድጋር ሬይ የተባሉ ሐኪም የሚሠሩበት የእናቶችና የሕፃናት ሆስፒታል ሕፃናት በዝተውበት፣ ማሞቂያው ሣጥን አንሶ፣ በአንዱ ሣጥን ሁለትና ሦስት ሕፃናት እስከማስተኛት ደርሶ ነበር። በዚህ የተቸገሩት ሐኪም ሕፃናቱን ከእናቶቻቸው ደረት ጋር፣ ቆዳን ከቆዳ አጋጥመው እንዲታቀፉ አደረጉ። ልጇን በሆዷ ከረጢት ይዛ በምታሳድገው የአውስትራሊያ እንስሳ ስምም ዘዴው የካንጋሮ እንክብካቤ ተባለ።

ነገሩ ወደ አገራችንም ከገባ ቆይቷል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና አሳየ ካሴ ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆነ ሕፃናትን በሁለት ወገን ከፍለው መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ውጤታቸው መሠረት፣ በተለመደው አያያዝ ከነበሩት 38 ከመቶ ሲሞቱ፣ ከተወለዱ ሳይቆዩ በእናታቸው ደረት ከታቀፉት የሞቱት 22.5 ከመቶ ናቸው። በሕንድ አገር በሀርያና ግዛት ደግሞ እናቶች በቤታቸው ይህንኑ እንዲያደርጉ የጤና ሠራተኞች እየዞሩ ረድተዋቸው፣ ከ8,000 በላይ ሕፃናት የተከታተለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም፣ በመጀመሪያው ወር የሚደርሰው ሞት በ30 ከመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ይህ ጥናት ብዙ እናቶች በቤታቸው ለሚወልዱበት ለላስታ ልዩ ትርጉም አለው።

ከሁሉም በኋላ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝኑ ከ3,200 በላይ ሕፃናት ተመረመሩ። ጥያቄው ሕፃኑ እስኪጠና ድረስ በመሣሪያ ቆይቶ በኋላ ለእናቱ ይሰጥ ወይስ ወዲያው እንደተወለደ ይታቀፍ የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤት፣ በቀድሞው አሠራር ከየ1,000ው 157 ሲሞቱ ወዲያው ከታቀፉት የሞቱት 120 ናቸው። ሂሳብ ለሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱ በየሺሁ 37 ነፍስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በኅዳር 2015 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ያለ ጊዜው ወይም በዝቅተኛ ክብደት የተወለደ ሕፃን ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት በደረት እንዲታቀፍ መክሯል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ በደረቅ ጨርቅ በደንብ ይደርቃል፤ ለ24 ሰዓት አይታጠብም። ከቆብ፣ ከእግር ሹራብና ከሽንት ጨርቅ በቀር ራቁቱን ሆኖ፣ በእናቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ ይቀመጣል። ከዚያም ሰፋ ባለ መቀነት ወይም በነጠላ ደገፍ ተደርጎ ይታሰራል፤ አፍንጫው እንዳይሸፈን ተጠብቆ በላዩ ጋቢ ይደረባል። እናት ስትደክም አባት ወይም አያት በተራ ሊይዙት ይችላሉ። እናቶቻችን ልጅ በአንቀልባ ማዘልን ያውቁበታል፤ ነገር ግን አንቀልባ ለዚህ ሕፃን አይሆንም። ሕፃኑን ከእናቱ ገላ በቁርበትና በልብስ ይለየዋል፤ ፊቱንም ከዓይኗ ይሰውራል። የምንለምናቸው ልጁን ከጀርባ ወደ ደረት እንዲያዞሩ ብቻ ነው።

ታዲያ የእናት ደረት በገበያ የማይሸጥ ከሆነ ለነጋዴው ምን ቀረለት? አራት ነገር ቀርቶለታል።

አንደኛው የሙቀት መለኪያ ነው። በየመድኃኒት መደብሩ በብዛት ይሸጥ የነበረው የመስታወት ቴርሞሜትር ትኩሳትን ለመለካት የተሠራ በመሆኑ ከ35 ዲግሪ በታች አያነብም። ሰውነቱ 33 ዲግሪ የወረደ ሕፃን በዚህ መለኪያ 35 እንደሆነ ሆኖ ይታያል፤ አደጋው ከሚያዋልደው ሰው ይሰወራል። ለአራስ ሕፃን የሚያስፈልገው እስከ 30 ዲግሪና ከዚያም በታች የሚያነብ ነው። አስመጪው በሚያዝበት ወረቀት ላይ ይህችን አንዲት ቁጥር ቢጨምር የሚከብደው ነገር የለም፤ ሳይጨምር ሲቀር ግን ጤና ኬላው ብርድን ሊያይ በማይችል መሣሪያ ይሠራል። መለኪያው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ከሆነም ድንጋዩ አብሮ በገጠሩ ሱቅ መገኘት አለበት። መለኪያ በሌለበት ቤት ደግሞ እጅ ይሠራል፤ የሕፃኑ ሆድ ሞቆ እግሩ ቢበርድ ብርድ መጀመሩን ያሳያል፤ ሆዱም እግሩም ቢበርድ አደጋ ላይ ነው።

ሁለተኛው ቆብና ጨርቅ ነው። የሕፃን ራስ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ በመሆኑ ብዙ ሙቀት የሚያመልጠው ከዚያ ነው። ነገር ግን በገበያ የሚገኘው የሕፃን ቆብ በአብዛኛው ለሦስትና ለአራት ወር ልጅ የተሰፋ ስለሆነ፣ የአንድ ኪሎ ተኩል ሕፃን ቢያደርገው ዓይኑን ይጋርደዋል ወይም ወልቆ ይወድቃል። ብርቱካን በምታህል ራስ ልክ የሚሠራ ቆብ ለመሥራት ፋብሪካ አያስፈልግም፤ ክርና መርፌ ያላት የላሊበላ ባለሙያ ትበቃለች። የደጋው ሰው ከበግ ፀጉር ባና መሸመንን የሚያውቅ መሆኑም ትልቅ ሀብት ነው። ሱፉ ሻካራ ስለሆነ ከሕፃኑ ገላ ጋር አይገናኝም፤ ከውስጥ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ከላይ ባና ቢሆን ግን ባሕር ተሻግሮ ከሚመጣው ብርድ ልብስ አያንስም። አንድ ቆብ፣ ሁለት የጥጥ ጨርቅ፣ የእግር ሹራብና ሰፊ መቀነት በአንድ ላይ ታስሮ «የአራስ ጥቅል» ተብሎ ቢሸጥ፣ ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ሁሉ አስቀድሞ የሚገዛው ዕቃ ይሆናል።

ሦስተኛው ጎጂውን ነገር አለማበረታታት ነው። ባለሱቁ ለአራስ ቤት ማሞቂያ ሲጠየቅ ከሰልና የፈላ ውኃ መያዣ ጠርሙስ ማቅረቡ የተለመደ ነው። በር በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል ሳይታወቅ እናትንም ልጅንም የሚገድል ጢስ ያወጣል፤ በጠርሙስ ያለ ፍል ውኃም የሕፃኑን ስስ ቆዳ ያቃጥላል። ገዥው የባለሱቁን ቃል ከብዙ ምክር ይልቅ የሚሰማበት ጊዜ አለና፣ «ይህ ለሕፃን አይሆንም፤ በደረት ታቅፋው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛይቱንም ጥሩ» ብሎ መናገር ሽያጭ የሚያስቀር ቢሆንም ክብር ነው።

አራተኛውና ከሁሉም ውድ የሆነው የእናቲቱ ጊዜ ነው። ልጇን በቀን ብዙ ሰዓት በደረቷ የምትይዝ ሴት ውኃ ልትቀዳ፣ እህል ልትፈጭ፣ ቅዳሜ ገበያ ልትወጣ አትችልም። በደመወዝ ለምትሠራይቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቅዶላታል፤ ለአባትም ሦስት ቀን። ይህን ሕግ መፈጸም ችሮታ አይደለም፤ ግዴታ ነው። ያለ ጊዜው ልጅ ለተወለደለት አባት ግን ከሦስቱ ቀን በላይ ጥቂት ቀን ቢጨመርለት፣ በተራው ልጁን ታቅፎ እናቲቱን ያሳርፋታል። ደመወዝተኛ ያልሆነችውን የገጠር እናትም የሚረዳ ነገር በነጋዴው እጅ አለ። በላስታ ገጠር ብዙ ቤተሰብ ጨውን፣ ዘይቱንና ልብሱን የሚወስደው በዱቤ ነው። አራስ ያለችበትን ቤት ዕዳ እስከ ክርስትናው ቀን ድረስ አለመጠየቅ ለባለሱቁ ትልቅ ጉዳት አያደርስበትም፤ እናቲቱን ግን ዕዳ ለመክፈል ወደ ሥራ ከመሮጥ ያድናታል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው «ይህ የድሃ መድኃኒት ነው፤ ለሀብታም መሣሪያ፣ ለእኛ ደረት ተባለ እንጂ» የሚለው ነው። ይህ አባባል ከቁጭት የመጣ ስለሆነ በንቀት አይታለፍም፤ ግን እውነት አይደለም። መሣሪያ በተትረፈረፈባቸው በስዊድን ሆስፒታሎችም ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በእናታቸውና በአባታቸው ደረት ይታቀፋሉ። ደግሞም ደረት ሐኪምን አይተካም። ሕፃኑ መጥባት ቢያቅተው፣ ትንፋሹ ቢፈጥን ወይም ቢቆራረጥ፣ ከንፈሩ ቢጠቁር፣ ሆዱ ቢበርድ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ድርጅት መወሰድ አለበት። ከመንደር ወደ ላሊበላ፣ አልፎም ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው ወልድያ ሲወሰድ፣ በዚያ ሁሉ መንገድ ሙቀቱን የሚጠብቅለት ያው የእናቱ ደረት ነው። የጭነትና የሕዝብ መኪና ያላቸው አንባቢዎች እንዲህ ያለችውን እናት ከነፋስ በተከለለ ቦታ ቢያስቀምጧት የዚህ ሥራ ተካፋይ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ትርፉ ምንድን ነው?» የሚል ነው። በግልጽ ለመናገር ትርፉ ትንሽ ነው። ከቆብና ከመቀነት ሀብታም የሆነ ነጋዴ የለም። ነገር ግን ክብሪትና ጨውም ትርፋቸው ትንሽ ነው፤ ሆኖም እነርሱን የማይዝ ሱቅ ሱቅ አይባልም። ሰው የሚያስፈልገውን ነገር በሚያስፈልገው ጊዜ ማግኘቱ ባለሱቁን በአገሩ ዘንድ የታመነ ያደርገዋል፤ ያ እምነትም በሌላው ዕቃ ሁሉ ይከተለዋል።

ስለዚህ ለንግድ ምክር ቤታችን አባላት የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። የሕክምና ዕቃ አስመጪዎች በሚቀጥለው ትእዛዛቸው ከ35 ዲግሪ በታች የሚያነብ መለኪያ ይጨምሩ፤ ማሞቂያ ሣጥን የሚያስመጣም ቢኖር ያለ መለዋወጫና ያለ ጠጋኝ አያስመጣ። በላሊበላ፣ በጋሸና፣ በኩልመስክ፣ በሙጃና በፍላቂት ያሉ ባለሱቆች ከአገሩ ሠራተኞች ጋር ተስማምተው፣ መጠኑንም ከጤና ባለሙያ ጠይቀው፣ የአራስ ጥቅሉን ያዘጋጁ። አሠሪዎች የወሊድ ፈቃድን ሳያጉረመርሙ ይስጡ፤ ባለዱቤዎችም አራስ ቤትን ይታገሡ።

አባቶቻችን «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ብርዱ ሳይመጣ መዘጋጀት እንደሚገባ ስላወቁ ነው። የደጋው ብርድ ከጥቅምት ጀምሮ ይበረታል፤ ሸቀጥ አዝዞ በመደርደሪያ ላይ ለማየት ደግሞ ወራት ይወስዳል። ነጋዴ የጋቢውን ገበያ ለልደት አስቀድሞ እንደሚያስብ ሁሉ፣ የትንሿንም ቆብ ገበያ ዛሬውኑ ያስብበት።